ወፏ፣ ልጁና የመኪናው ቱቦ

አንዳንድ የስፖርት መኪኖች ውስጥ ለጉዞው ምንም የማይፈይድ አንድ ቱቦ አለ። ፍጥነት አይጨምርም፤ ጉልበት አይሰጥም፤ ነዳጅ አይቆጥብም። ከሞተሩ የአየር መሳቢያ ላይ ተነሥቶ ሞተሩን ከተሳፋሪው ወደሚለየው ግድግዳ ይዘልቃል። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያሰማውን ጉርምርምታ ለነጂው ጆሮ ማድረስ። መሐንዲሶች ተሰብስበው፣ ሒሳብ ሠርተው፣ ገንዘብ ፈሶበት የተበጀ የጆሮ ቧንቧ ነው።

«እኛ ሚኒባስ ለመሳፈር ተሰልፈን አንተ ስለ ስፖርት መኪና ታወራልናለህ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወረፋው ላይ እኔም አለሁበት። ቱቦው ግን ከመኪናው ይልቅ ስለ ሰው የሚናገረው ነገር አለ። መኪናው በሚሸጥባቸው አገሮች ያሉ ወጣቶች በዚህ ቱቦ ምክንያት ሁለት ጎራ ለይተዋል፤ ገሚሱ «ማታለያ ነው» ብሎ ይነቅለዋል፣ ገሚሱ «አነሰኝ» ብሎ የአየር መሳቢያውን በሙሉ ይለውጠዋል። የሚከራከሩበት ነገር ደግሞ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነበር፤ «መምህር፣ ገጣሚው ይህን ሲጽፍ በእርግጥ አልቅሶ ነው ወይስ እኛን ሊያስለቅስ ፈልጎ?»

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ሞተር ይተነፍሳል። ቫልቩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር መሳቢያው ውስጥ ያለው አየር ይመታል፤ ምቱም ወደ ኋላ፣ ወደ አየር ማጣሪያው ይመለሳል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ አየር ይስባል። በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ዙር ነውና በሰከንድ 200 ጊዜ ይተነፍሳል ማለት ነው። እንዲህ የፈጠነ ምት ለጆሮ ምት መሆኑ ይቀርና ዜማ ይሆናል፤ አንዲት ሴት ስትናገር የሚሰማው ድምፅ እዚያው አካባቢ ነው።

ይህን ዜማ ማፈን የመሐንዲሶች የቆየ ሥራ ነበር። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ሲሉበት «እምምም» እንደሚል ሁላችንም በልጅነታችን ሞክረነዋል። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ (1821–1894) ይህን የጠርሙስ ነገር በሒሳብ አስልቶ ስሙን ጥሎበት አልፏል። መሐንዲሶቹ የእሱን ስሌት ይዘው በአየር መሳቢያው ጎን «ጠርሙስ» ይለጥፋሉ። ጠርሙሱ አንዱን ድምፅ መርጦ ይውጠዋል። ኮፈን ከፍታችሁ ከማጣሪያው ቱቦ ጎን ምንም የሌለበት የፕላስቲክ ሣጥን ተለጥፎ ካያችሁ ነገሩ እሱ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቱቦው ከመምጣቱ በፊትም መኪናው የሚያሰማንም ሆነ የሚደብቀን ነገር ተመርጦልን ነበር። ዝምታውም ፋብሪካ ነው የተሠራው።

ከዚያ ዝምታው በዛ። ቱርቦ መጣ፤ በሚመጣውም በሚወጣውም አየር መካከል ገብቶ ድምፁን አለዘበው። የአውሮፓ ደንብ ከዓመት ዓመት እየጠበቀ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ለተራ መኪና የሚፈቀደው የውጭ ድምፅ በየደረጃው ከ72 ዴሲቤል ወደ 68 እንዲወርድ አዘዘ። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የስፖርት መኪና የገዛው ሰው ታዲያ ቁጭ ብሎ «ሞተሩ የት ሄደ?» ማለት ጀመረ። ወደ ውጭ መጮህ ሲከለከል ወደ ውስጥ መጮህ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ፖርሽ 911 ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያለውን ንዝረት በስስ ሽፋን ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚልክ ቱቦ ነበረው፤ የስፖርቱን ቁልፍ ሲጫኑ ይከፈታል። በ2012 የመጡት መንትዮች፣ ቶዮታ 86 እና ሱባሩ ቢአርዜድ፣ በርካሽ ዋጋ ያንኑ አደረጉ።

ቨርጂኒያ የሚኖር የእህቴ ልጅ ከእነዚህ መንትዮች አንዱን አሮጌውን ገዛ። ስልክ ደውሎ ስለ ሥራውም ስለ ጤናውም ሳይነግረኝ «ጋሼ፣ መኪናው ሲዋሸኝ ነበር!» አለኝ። ቱቦውን አግኝቶት ነው። ነቀለው፤ ቀዳዳውንም በጎማ ክዳን ደፈነው። ሦስት ሳምንት ያህል እንደ ጨዋ ሰው በጸጥታ ነዳ። ከዚያ ሌላ ስልክ፤ የፋብሪካውን የማጣሪያ ሣጥን ከነጠርሙሱ አውጥቶ ሾጣጣ ክፍት ማጣሪያ አስገጥሟል። «አሁን እውነተኛው ድምፅ ወጣ!» ነዳጅ ሲሰጥ ያለውን ጩኸትም በስልክ አሰማኝ። የሰማሁት የዝናብ ድምፅ የሚመስል ነገር ነው፤ ግን «ድንቅ ነው» አልኩት። አጎት መሆን ይህን ይጠይቃል።

ይህ ልጅ «ውሸት» ያለውንና «እውነት» ያለውን ነገር ሳሰላስል አንድ የቆየ ታሪክ ትዝ አለኝ። አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ውበትና ስለ ፍርድ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ናይቲንጌል የምትባል በፈረንጅ አገር ሌሊት የምትዘምር ወፍ አለች። ገጠር ውስጥ እንግዳ የሚያሳድር አንድ ተጫዋች ሰው፣ በሰፈሩ ወፏ ብትጠፋበት፣ አንድ ተንኮለኛ ልጅ ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቆ በመቃ እያፏጨ የወፏን ድምፅ እንዲያስመስል ያደርገዋል። እንግዶቹ በጨረቃ ብርሃን ተቀምጠው ይመሰጣሉ። ካንት የሚለው ምንድነው? ልጁ መሆኑ በታወቀ ቅጽበት ያንን ዜማ ከዚያ በኋላ ታግሦ የሚሰማ አይኖርም። ድምፁ ያው ነው፤ ጆሮውም ያው ነው፤ ግን ነገሩ አልቋል።

ክፍል ውስጥ ይህን ስናነሳ ተማሪዎቹ ሁልጊዜ ከካንት ጋር ይስማሙ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው አብሬው የምሄደው። ባለማደሪያው እንግዶቹን ሰብስቦ «ጌቶቼ፣ ይህ ልጅ ወፍ አስመስሎ ማፏጨት ያውቃል፣ ስሙልኝ» ቢል ኖሮ እንግዶቹ ያጨበጭቡ ነበር፤ ልጁም አምስት ሳንቲም ያገኝ ነበር። ቴአትር ማለት ይኸው አይደለም ወይ? ተዋናዩ መድረክ ላይ ሲሞት «ውሸት!» ብሎ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚሰለፍ ተመልካች የለም። ትኬቱን በር ላይ ስንገዛ ውሉን ፈርመናል። እንግዲህ ጥፋቱ ማስመሰሉ ላይ ሳይሆን ቁጥቋጦው ላይ ነው ማለት ነው።

በዚህ ሚዛን የቨርጂኒያው ልጅ የነቀለው ቱቦ ምንም አላጠፋም። ቁጥቋጦው ውስጥ ልጅ የለም፤ ያለችው ወፏ ራሷ ናት። ባለማደሪያው መስኮት ነው የከፈተው። እርግጥ መስኮቱ የት እንደሚከፈት መርጧል፤ አንዱን ድምፅ አጉልቶ ሌላውን አስቀርቷል። በገናስ እንዲሁ አይደል? አሥሩ አውታሮች እንዲያ የሚያጉረመርሙት ስለተወጠሩ ብቻ አይደለም። በብርኩማውና በእያንዳንዱ አውታር መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ በገና ደርዳሪውም ያንን ቆዳ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ እያለ አውታሩ ነክቶት እዝዝ እስኪል ድረስ ያስተካክለዋል። ሆን ተብሎ የተቀመጠ፣ ድምፅ ለመለወጥ ብቻ የኖረ ነገር ነው። «በገና ይዋሻል» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 አምስት መቶ ብቻ የተሠራው ሌክሰስ ኤልኤፍኤ የዚሁ ዘመድ ነው። አሥር ሲሊንደር ያለውን ሞተሩን ከያማሃ ጋር ነው የሠሩት፤ ፒያኖም ሞተርም ከሚወጣበት ቤት ማለት ነው። የአየር ማጠራቀሚያውን እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ገላ ቀርጸው የመተንፈሻውን ድምፅ ወደ ነጂው መሩት። እንዚራ ነው ይሄ፤ ትልቅና ውድ እንዚራ።

ልጁ ራሱ፣ ባለመቃው፣ የገባው በሌላ መኪና ነው። ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ኤም5 የቀድሞውን ባለአሥር ሲሊንደር ጯሂ ሞተር ትቶ ቱርቦ ያለው ባለስምንት ሲሊንደር ገጠመ። ድምፁ ቀነሰ። መፍትሔው ምን ሆነ? ኮምፒውተሩ ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞርና ነጂው ምን ያህል ነዳጅ እንደሰጠ እያየ፣ የተቀናበረ የሞተር ድምፅ በሙዚቃው ስፒከር ያሰማል። እዚህ ላይ ወፏ ጫካው ውስጥ በሕይወት አለች፤ መስኮቱ ግን ተዘግቶባታል፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ልጁ ያፏጫል።

«ይሁን እንጂ ገዢው ያውቃል፤ በጋዜጣም ተጽፏል፤ ታዲያ ማን ተታለለ?» የሚል ጠንካራ ክርክር ይመጣል። የቴአትሩ ትኬት ተቆርጧል መባሉ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ነጂው በጆሮው የሚያደርገው ነገር ነው። ነጂ ድምፅን እንደ ሙዚቃ ብቻ አይሰማም። በድምፁ ማርሽ ይለውጣል፤ በድምፁ «ከበደው» ይላል፤ በድምፁ «ምን ሆነ?» ብሎ ዳር ይዞ ይቆማል። ቴአትር ቤት የሞተውን ተዋናይ ወጥተን አንቀብረውም። መኪና ውስጥ ግን በሰማነው ድምፅ ተመሥርተን እጃችንም እግራችንም ይታዘዛሉ። ድምፁ ማስረጃ ሆኗል። ማስረጃ ደግሞ «ደስ ይላል» ተብሎ አይቀበሉትም።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ መካኒክ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ኮፈኑን ይከፍታል፤ «ነዳጅ ስጠው» ይላል፤ «ልቀቀው»፤ «ስጠው»። ቀጥሎ ረጅም ካቻቢቴ ያነሣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ይህ ካቻቢቴ ከዚያ ከተረገመው ቱቦ በምን ይለያል? እሱም ከሞተር ወደ ጆሮ የተዘረጋ መንገድ ነው። መካኒኩ ድምፁ እንዲያምር አይጠይቅም። የሚፈልገው የቺንጋውን ሲርታ፣ የቫልቩን ቅጭልጭልታ፣ ሊመታ ያሰበውን ቢዬላ ነው። ክፉ ወሬ ፍለጋ ነው ጎንበስ ያለው።

ስለዚህ እኔ አንድን ድምፅ «እውነት ነህ ወይስ ሐሰት?» ብዬ የምመረምረው በትውልዱ አይደለም። የምጠይቀው ክፉ ወሬ ማምጣት ይችል እንደሆነ ነው። በቱቦው በኩል የሚመጣው ድምፅ ይችላል፤ መሳቢያው ላይ ስንጥቅ ቢወጣ፣ ቫልቩ በደንብ አልገጥም ቢል፣ ምቱ ይበላሻል፤ ጆሮ ያለው ይሰማዋል። ከስፒከሩ የሚወጣው ሞተር ግን አይታመምም። ስቱዲዮ በገባበት ቀን ጤነኛ ነበር፤ የዛሬ አሥር ዓመትም ጤነኛ ነው። የእውነተኛው ሞተር ሳል ከሥር ቢኖር እንኳ የልጁ ፉጨት ይሸፍነዋል።

በነገራችን ላይ መሥሪያ ቤቶቻችንም ሁለቱም ዓይነት አላቸው። አንዳንዱ አለቃ በሩ ላይ ቱቦ አለው፤ ጸሐፊው ባለጉዳዩን መርጣም ቢሆን ታስገባለታለች፤ የገባው ሰው ግን እዚያው ፊቱ ሊያለቅስ ይችላል። ሌላው ስፒከር አስገጥሟል፤ በየሩብ ዓመቱ የአፈጻጸም ሪፖርት ይነበብለታል፤ በመቶኛ፣ በሚያምር ድምፅ። እሱም በዚያ ድምፅ ማርሽ ይለውጣል።

ወደ ቨርጂኒያው እንመለስ። ልጁ ቱቦውን «ውሸታም» ብሎ ነቅሎ በምትኩ ያስገባው ክፍት ማጣሪያ የሚያሰማው ድምፅ ጥርጥር የሌለው የሞተሩ ድምፅ ነው። ስፒከር የለም፤ ቅንብር የለም። ግን ምን ይላል ድምፁ? «በርትቻለሁ፣ ጉልበት ጨምሬያለሁ» ይላል። የፋብሪካው ሣጥን አየር የሚስበው ከፊት፣ ከቀዝቃዛው በኩል ነበር። ክፍቱ ማጣሪያ ደግሞ ኮፈኑ ሥር ተቀምጦ ሞተሩ ያጋለውን አየር ይስባል። የጋለ አየር ስስ ነው፤ ኦክሲጅኑ ያንሳል፤ እንዲህ ያለው ለውጥ ብዙ ጊዜ ጉልበት አይጨምርም፣ አንዳንዴም ይቀንሳል። «ለመሆኑ ፈጠነ ወይ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «የፈጠነ ይመስላል ጋሼ» አለኝ። እነሆ እንግዲህ፤ ከእውነተኛ ጉሮሮ የወጣ፣ ማንም ያልነካው፣ የማይገባውን የሚናገር ድምፅ። ከልቡ አልቅሶ ውሸት የሚጽፍ ገጣሚም አይቻለሁና ብዙም አልገረመኝም።

ክፉ አደረገ ማለቴ አይደለም። የሚያስደስተውን ድምፅ በራሱ ገንዘብ በራሱ መኪና ውስጥ ነው የሰማው። እንዲያውም ከዚህ አንጻር ቱቦውም ማጣሪያውም የሚመሰገኑበት ነገር አላቸው፤ ደስታቸውን በአብዛኛው ለባለቤታቸው ነው የሚያስቀሩት። ማርሚታ አስቆርጦ በእኩለ ሌሊት አስፋልት ላይ የሚያንባርቀው ወጣት እኮ ሌላ ነገር ነው የሚያደርገው። የእሱ ጆሮ የጠማውን ለማጠጣት ሕፃን የምታስተኛውን እናት፣ ነገ ፈረቃ ያለበትን ዘበኛ፣ ፎቅ ላይ የታመመውን ሽማግሌ ሁሉ ያለ ፈቃዳቸው ያሰልፋል። ድምፁ እውነተኛ ነው፤ ሰውየው ግን የሰው እንቅልፍ ዘርፏል። በዚህ ላይ ብዙ መፈላሰፍ አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ሞተር በሌለበት ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በአዲስ አበባ መንገዶች ተበራክተዋል። ቫልቭ የለም፤ የሚተነፍስ የለም። ሃዩንዳይ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው አዮኒክ 5 ኤን የሌለ ሞተር ድምፅና የሌለ ማርሽ ድንጉጥታ ጭምር በቁልፍ ታዝዞ ይመጣል። እኔ ይህን ከኤም5 ይልቅ እታገሠዋለሁ። ወፍ በሌለበት አገር፣ ወፍ አለመኖሯን ሁሉም እያወቀ፣ ልጁ መድረክ ላይ ወጥቶ ያፏጫል፤ ድምፁን የቀማው ሰው የለም።

ከዚያ ደግሞ ሌላው ፍጹም የተፈጠረ ድምፅ አለ። በአውሮፓ ከሐምሌ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማንኛውም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወደ ውጭ ድምፅ ማሰማት ግዴታው ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ድምፁም እንዲቀጥን ታዟል። በአሜሪካ ተመሳሳዩ ሕግ እንዲወጣ አጥብቀው የጎተጎቱት የዓይነ ስውራን ማኅበራት ነበሩ። ይህ ድምፅ ከየትም አልመጣም፤ ኮምፒውተር የወለደው ነው። ነገር ግን የበቅሎ አንገት ላይ ያለ ቃጭልም የበቅሎዋ ድምፅ አይደለም። «መጣሁ፣ ዞር በል» ይላል፤ በእርግጥም እየመጣች ነው። ካንት ቁጭ ብሎ የሰማት ወፍ ከዚህ የበለጠ እውነት የተናገረች አይመስለኝም።

የሚገርመው የገንዘቡ አካሄድ ነው። ቢኤምደብልዩ ለኤሌክትሪክ መኪኖቹ ድምፅ እንዲያቀናብርለት የፊልም ሙዚቃ ደራሲውን ሃንስ ዚመርን እ.ኤ.አ. በ2019 አሠልፏል፤ ነጂው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የሚሰማው ነው። ውጭ ላለው ሰው የምትደርሰው ግን ብዙ ጊዜ አንዲት እዝዝታ ናት፤ ሕግ ስላዘዘ የተቀመጠች። ክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ፣ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል፣ ጄኔሬተሩ ሲጮህ፣ በትር ይዞ የእግረኛ ማቋረጫው ጠርዝ ላይ የቆመው ሰው ያችን እዝዝታ ከስንት ሜትር ይለያት ይሆን? እዚህ አገር ይህን ሄዶ የጠየቀው ካለ መልሱን ብሰማ ደስ ይለኛል።